ሞንታርቦ እና ናሙናዋ ታካሚ

እህቴን ሰው ሁሉ «ሞንታርቦ» ነው የሚላት። ሞንታርቦ ያው ትልቁ የድምፅ ማጉያ ነው፤ እኛም እሱን እያከራየን ነው የምንኖረው። ግን ስሙ የወጣላት በሥራዋ ብቻ እንዳይመስላችሁ። መንገድ ማዶ ያለ ሰው ስትጠራ እዚህ አጠገቧ ያለው ይደነብራል። ስልክ ስታወራ «ስልኩን ዝጊው፣ ያለሱም ይሰማሻል» እንላታለን። ባሏ በያጅ ነው፣ ከሰው ይልቅ ብረት ማነጋገር የሚቀለው ሰው ነው። «በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም» ሲላት «ምግብም አይገባም» ትለዋለች።

እኔ ታናሿ ነኝ። ገመድ እዘረጋለሁ፣ ማይክ እተክላለሁ፣ ስትቆጣኝ መልሼ እቆጣታለሁ። ይህን ታሪክ ማውራት የጀመርኩት ሌላ ሰው እየቀባባ ሲያወራው ስለሰማሁ ነው። «አንዲት እብድ አዳራሽ ውስጥ ማይክ ነጥቃ ሰው ሰደበች» ይላሉ አሉ። እብድስ እነሱ! ቁጭ በሉና ከኔ ስሙት።

አባታችን ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። ሲሞት ዘመድ ተሰብስቦ መሣሪያው ይሸጥ አለ። እሷ ገና ኮረዳ ነበረች፤ ሳጥኑ ላይ ቁጭ ብላ «የሚሸጥ ከሆነ ከነእኔ ይሸጥ» አለቻቸው። በዚያው ቀረ። ከሬዲዮ ወደ ማጉያ፣ ከማጉያ ወደ አዳራሽ ሄደች። መጀመሪያ አካባቢ ደንበኛ ሁሉ ሲያያት «ባለሙያው የታለ?» ይላል። «ፊት ለፊትህ ቆማለች፤ መነጽር ይምጣልህ?» ትለዋለች። አንድ ጊዜ ያላጠፉት የኤሌክትሪክ መስመር ይዟት የግራ መዳፏን ጠበሰው፤ ጠባሳው እስከ ዛሬ ጣቶቿን ሙሉ በሙሉ አያስዘረጋትም። ለሳምንታት በአንድ እጇ ሠራች እንጂ አልተቀመጠችም። በዚህ ከተማ ከሷ ሌላ ይህን ሥራ የያዘች ሴት አላውቅም፤ ካለች ትምጣና ትውቀሰኝ።

ይህች አፏ የማያርፍ ሴት ታዲያ ስለ አንድ ነገር ብቻ አታወራም ነበር። ባገባች በሁለተኛው ዓመት አረገዘች። ቀኗ ደርሶ ሆስፒታል ገባች፤ ባዶ እጇን ወጣች። «ሞቶ ነው የተወለደው» አሏት። አሳዩኝ ብትል አማቷና አዋላጇ ተማክረው «ካየችው ይብስባታል» ብለው ከለከሏት። ወንድ ይሁን ሴት እንኳ አልነገሯትም። «ምን ያደርግልሻል? ሌላ ትወልጃለሽ» ብቻ ነበር መልሱ። ሌላ አልመጣም።

ከዚያ በኋላ ድምፅዋ ጠፋ። ይህን ስል በምሳሌ አይደለም፤ አትናገርም። ስትጠራ ታያለች፣ ስትጠየቅ ታያለች፣ በቃ። ከተማ ዳር ያለው የአእምሮ ሆስፒታል ወሰድናት፣ ወራት ተኛች። ለጎረቤት «አክስቷ ዘንድ ለዕረፍት ሄዳለች» አልን። ድምፅዋ የተመለሰው እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ? ግቢው ውስጥ የጥሪ ማጉያ ነበር፣ ሲነጋም ሲመሽም ይንሿሿል። አንድ ቀን እንደ ልማዴ ልጠይቃት ሄጄ አጠገቧ ቁጭ ባልኩበት ብድግ ብላ ዘበኛውን «ኧረ የሰው ያለህ! ያንን ገመድ ደህና አድርጎ የሚያጠብቅ ወንድ ጠፋ እዚህ ቤት?» ብላ ጮኸችበት። ዘበኛው ክው አለ። እኔ እየሳቅኩ አለቀስኩ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ዝም ብላ አታውቅም፤ ስለዚያ ሆስፒታልና ስለዚያ ልጅ ካልሆነ በቀር። የሚያውቀው እኔ፣ ባሏና አማቷ ነን። አማቷ ደግሞ አርፋለች።

እንግዲህ ወደ አዳራሹ።

አዳራሹ ትልቅ ነው፣ የከተማው ስብሰባ ሁሉ የሚደረገው እዚያ ነው። ድምፁን በኮንትራት የያዝነው እኛ ነበርን፤ ከሠርግ ቤት ልፋት ያወጣን ይኸው ኮንትራት ነው። ሊታደስ ነበር። የአዳራሹ ሥራ አስኪያጅ፣ ሲሄድ ጫማው የሚጮህ ቀጭን ሰው፣ የዚያን ቀን ጠዋት መጥቶ «ዛሬ ትልልቅ ሰዎች ናቸው። ኮሽ እንዳይል። ዛሬ ካማረ ነገ እንፈራረማለን» አለን። እህቴም «ኮሽ ካለ ጫማህ ነው» አለችው። ሳቀ።

የዕለቱ ስብሰባ የሆስፒታል ቴክኖሎጂ ሻጮች ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። አንዱ ሆስፒታል ስለ አንቺ የመዘገበውን ሌላው አያየውም። እዚህ የተነሳሽውን ራጅ እዚያ ሄደሽ ደግመሽ ትነሻለሽ፤ እዚህ የተናገርሽውን በሽታ እዚያ ሀ ብለሽ ትጀምሪያለሽ። ታዲያ «ኮምፒውተሮቻችሁን እናነጋግርላችሁ» የሚሉ ኩባንያዎች እንደ አሸን ፈልተዋል። ገበያው ደርቷል። በየጥጉ ጠረጴዛ ዘርግተው ነፃ እስክሪብቶና ከረሜላ ያድላሉ፤ የሆስፒታል ኃላፊዎች ደግሞ ገዢ ናቸውና እየተዘዋወሩ ያማርጣሉ። እኔም ገመድ ስዘረጋ እግረ መንገዴን ጠየቅኩ። ሁሉም «ከሁሉም ጋር እናገናኛለን» ይላሉ። አንዱን «ከጎንህ ካለው ጠረጴዛ ጋርስ?» ብለው ከረሜላ ዘረጋልኝ። አገናኝ ነን ባዮቹ እርስ በርስ አይገናኙም! ነገሩ ራሱ ግን ክፉ ነው አልልም። አባቴ የማይስማማውን መድኃኒት ሌላ ሆስፒታል ሰጥተውት ሊሞት ነበር፤ ያኔ ቢኖር በወደድኩ።

ከሻጮቹ ዋናውን «ከረባት» አልነው። ትንሿን ማይክ ደረቱ ላይ ስሰካለት ከረባቱ እየታከካት ኮሽ ኮሽ ትላለች። እህቴ «ወንድሜ፣ ከረባቱን ፍታው» አለችው። «ከረባቴ አይፈታም» አለ፣ ፀጉሩን እየዳሰሰ። «እንግዲያው አንተ አትነቃነቅ» አለችው። ወጣት ነው፣ ጥርሱ ያምራል፣ ሲናገር እባብ ከጉድጓድ ያወጣል።

ሰው ተቀመጠ፣ መብራት ቀነሰ። እኔና እህቴ ከኋላ ድምፁን የምንቆጣጠርበት ሚክሰር ጋ ነን። ከረባት ስለ ኩባንያው አወራ አወራና «አሁን እናሳያችሁ» አለ። ትልቁ ስክሪን ላይ «ናሙና ታካሚ» የሚል ወጣ።

«ይህች ሴት እውነተኛ ታካሚ ናት» አለ። «ስሟ ተሰርዟል፣ ማንነቷ አይታወቅም። ታሪኳ ግን በሦስት የጤና ተቋም ተበታትኖ ነበር። እኛ ሰበሰብነው። እዩት!»

ነካ አደረገው። የመጀመሪያው ወጣ፦ ጤና ጣቢያ፣ በኤሌክትሪክ የተቃጠለ የግራ መዳፍ። ሙያ፦ የድምፅ መሣሪያ ሠራተኛ። እኔ ቂል፣ በክርኔ ጎሸም አድርጌያት «እንዳንቺ!» አልኳት፣ እየሳቅኩ። አልሳቀችም። እጇን አየችው።

ደግሞ ነካ አደረገው። ሁለተኛው ወጣ፦ ወሊድ። ሴት ሕፃን። በሕይወት ተወልዳ ለጥቂት ደቂቃ ከተነፈሰች በኋላ ሞታለች። እናት አላየቻትም።

ሦስተኛው ተከተለ፦ የአእምሮ ሆስፒታል፣ አትናገርም፣ ቤተሰብ ይጠይቃታል።

ቤተሰብ ይጠይቃታል የተባልኩት እኔ ነኝ። ዞር ብዬ ሳያት እህቴ ሁለተኛውን መስመር ነበር የምታነበው። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ሦስተኛውን ያየችውም አይመስለኝም። እንደ ልጅ ፊደል በፊደል ነበር የምታነበው።

ከረባት ቀጠለ። «ጥቅሙ ገባችሁ? ነገ ይህች ሴት ሆዴን አመመኝ ብላ ስትመጣ ሐኪሙ ገና ከበር ሳትገባ ያውቃታል። ሆዷ ይሁን ጭንቅላቷ፣ ብዙ ምርመራ ሳያባክን ይለያል!» ሰዎች ሳቁ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፣ እንደ ስብሰባ ሳቅ ነው። እንዲያውም እሱ ነው ያናደደኝ።

የእህቴ ጣት የድምፁን መቆጣጠሪያ ወደ ታች ሳበው። የከረባት አፍ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። ሰው ዞሮ ወደኛ አየ። የሥራ አስኪያጁ ጫማ ከበሩ ጀምሮ እየጮኸ መጣ። እሷ መጠባበቂያውን የእጅ ማይክ አነሳች።

ክንዷን ያዝኳት። «እትዬ፣ ተይ። አንቺ መሆንሽን ማንም አላወቀ። ዝም ካልሽ ያልፋል።»

«አንድ ጊዜ ዝም ብዬ አየሁት» አለችኝ። «አላለፈም።»

ያኔ ነው የገባኝ። ዝም ካለች ምስጢሯም ኮንትራቱም ይተርፋል፤ ብትናገር ሁለቱም ይሄዳሉ። ክንዷን ለቀቅኩ።

ማይኩን ከፍታ በወንበሮቹ መሃል ወደ ፊት ሄደች። «ናሙናዋ እኔ ነኝ» አለች። እሷ በማይክ ስትናገር እኮ ግድግዳው ይመልሳል። «መዳፉም ይኸው።» የግራ እጇን ከፍ አደረገች። «ማን ፈቀደልህ?»

ከረባት ድምፁ እንደጠፋ ረስቶ ይንጨረጨራል። ከዚያ ጮኾ «እሜቴ፣ ስምዎ ተሰርዟል እኮ! ስም ከተሰረዘ ይፈቀዳል!» አለ።

«ስሜን ሰርዘህ ሕይወቴን ተውከው?» አለችው። «ተገላቢጦሽ! ስሜንማ ከተማው ሁሉ ያውቀዋል፤ ስሜን ወስደህ እንደፈለግህ ብትለጥፈው ምን ገዶኝ። የሸሸግኩት ሕይወቴን ነበር።»

እንደምታለቅስ እርግጠኛ ነበርኩ፤ አላለቀሰችም። «ልጄ ሞቶ ተወለደ ነበር ያሉኝ» አለች፣ አሁን ቀስ ብላ። «ሴት መሆኗንም አልነገሩኝም። መተንፈሷንም። እናቷ ነኝ፤ ዛሬ ከናንተ ጋር ቁጭ ብዬ እስክሪብቶና ከረሜላ በሚታደልበት ነው ያነበብኩት። እናንተም ከኔ እኩል ሰማችሁ። ይህ ልክ ነው የሚል ካለ እጁን ያውጣ።»

ማን ያወጣል!

«አውርደው» አለችው። ከረባት አለቆቹን አየ። ፊት ረድፍ ላይ ከተቀመጡት ገዢዎች አንዷ፣ ፀጉራቸው የነጣ ሐኪም፣ ብድግ ብለው «አውርደው ተብለሃል፣ አትሰማም?» አሉት። ስክሪኑ ጨለመ።

ሌላ ሰው ቢሆን ማይኩን ወርውሮ ይወጣል። እህቴ ወደ ሚክሰሩ ተመልሳ ተቀመጠች፣ የከረባትን ድምፅ ከፍ አደረገችለትና «ድምፅህን መልሼልሃለሁ፤ ሥራዬ ነው። ቀጥል፣ ያለኔ» አለችው። እስከ ስብሰባው መጨረሻ ወንበሯ ላይ ነበረች። ሰው እየዞረ ሲያያት መልሳ ታየዋለች፤ ቀድሞ ዓይኑን የሚሰብረው እሱ ነው። ሥራ አስኪያጁ እቃ ስናወጣ በር ላይ ጠብቆን «አዝናለሁ፣ ግን ከእንግዲህ...» ሲል «ገባኝ፤ ጫማህን ዘይት ቀባው» ብላው አለፈች።

ቤት ስንደርስ ባሏ ግቢ ውስጥ የመስኮት ብረት እየበየደ ነበር። የዓይን መከለያውን እንኳ ሳያነሳ «ሴት ነበረች?» አለችው።

ብየዳው ቆመ። መከለያውን አነሳ። የምን ሴት ብሎ አልጠየቀም፤ እኔ እዚያው ላይ ገባኝ። «አዎ» አለ።

«ተንፍሳለች?»

«እናቴ ናት ያቀፈቻት። እኔ ስደርስ... ገና ሙቅ ነበረች።» እጁን በሱሪው ይጠርጋል፣ ይጠርጋል። «ላንቺ ብለን ነው።»

«ለኔ ብላችሁ ከኔ ደበቃችሁ። እኔ ልጅ ሳይኖረኝ አንተ ብቻህን ልጅ ነበረህ ማለት ነው፣ ይህን ሁሉ ዓመት።»

እኔ ብሆን ያንን ብረት አንስቼ ነበር፤ እውነቴን ነው። እሷ ግን ዕቃ ቤት ገባችና ማጉያዎቹ መሃል ፍራሽ ዘረጋች። ለቀናት አላነጋገረችውም። እሱም አንድ ጊዜ እንኳ አፉን አልከፈተም፤ በሩ ላይ ምግብ አስቀምጦ ይሄዳል። እልሁም ፍቅሩም ዝምታ የሆነ ሰው ምን ይደረጋል?

በዚያው ሳምንት ከረባት ከአለቃው ጋር ቤታችን መጣ። ይቅርታ ጠየቁ፤ ይቅርታው ያምር ነበር፣ ተጠንቶበታል። ከዚያ ወረቀት አወጡ። ታሪኩን ለማሳየት እንደፈቀደች ብትፈርም የኩባንያውን ስብሰባ ሁሉ፣ በየከተማው ያለውን፣ ድምፁን ለኛ ሊሰጡን ነው። ከአዳራሹ ኮንትራት ይበልጣል። እኔ፣ አልዋሽም፣ ልቤ ዘለለ። ሥራ ፈተን ነበር የተቀመጥነው። ጓዳ ጠርቼያት «ፈርሚ በቃ፣ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» አልኳት።

«ውሃው እኔ ነኝ» አለችኝ። ሳሎን ተመልሳ ወረቀቱን ለከረባት መለሰችለት። «ሰርቀኸኝ ስታበቃ ሽጪልኝ አትበለኝ። መጀመሪያ መልስ።»

«ምኑን ልመልስ?» አለ ከረባት፤ ግራ ገብቶት ነበር፣ የምሩን።

«እሱን ነው የማጣራው» አለችው።

በማግሥቱ ልጅቷ የተወለደችበት ሆስፒታል ሄድን። የመረጃ ክፍል ኃላፊው በመስታወት መስኮት ጀርባ የተቀመጠ ለስላሳ ሰው ነው፤ ጥፋተኛ የሚመስል አይደለም፣ ደክሞታል። «ፋይሌን ማየት እፈልጋለሁ» አለችው።

«ወደ ኩባንያው አዲስ ሥርዓት ገብቷል፣ እሜቴ።»

«ጥሩ። ከአዲሱ ሥርዓት አሳየኝ።»

«እሱ እንኳ...» ብሎ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። «የሐኪሞች መስኮት፣ ማለት ፋይሉን የሚያዩበት ገጽ፣ ተገዝቷል። የኢንሹራንስ መስኮትም ተገዝቷል። የታካሚ መስኮት ግን ለብቻው ነው የሚሸጠው፤ ገና አልተገዛም።»

ወይ ጉድ! ኩባንያው አይቶታል፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው አይቶታል፣ ኢንሹራንስ ያየዋል። የሷ መስኮት አልተገዛም!

እህቴ አልሰደበችውም። መጠበቂያው መሃል ሄዳ ወንበር ይዛ ተቀመጠችና ለተሰበሰበው ሕዝብ ማውራት ጀመረች። ማይክ የላትም፤ ምን ያደርግላታል? «እናቶች፣ አባቶች፣ እዚህ ቤት ስለናንተ የተጻፈውን ከናንተ በቀር ሁሉም ሊያየው ይችላል፤ ተራ ስንጠብቅ ልንገራችሁ» አለች። ከፎቅ ሰው ወረደ። ዘበኛ መጣና ሰምቶ ቆመ፤ እሱም ጥያቄ አለው ለካ። በኋላ እኒያ ፀጉረ ነጭ ሐኪም መጡ፤ ለካ የዚሁ ሆስፒታል ምክትል ኃላፊ ናቸው። አዩዋት፣ አወቋት። ወደ መስኮቱ አልፈው ገቡና የኃላፊውን ስክሪን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደኛ አዞሩት። «ይኸው መስኮት» አሉ። «ልጄ፣ ነይ አንብቢ።»

አነበበች። አዳራሹ ውስጥ ያየነው ያ የወሊድ ገጽ አለ። ላዩ ላይ ግን ሁሉም ሐኪም መጀመሪያ የሚያየው ማጠቃለያ አለ፣ እሱ ላይ «በሕይወት የተወለዱ ልጆች፦ የሉም» ይላል።

«ይኼ ምንድን ነው?» አለች።

ኃላፊው ተጠግቶ አየ። «የአእምሮ ሆስፒታሉ ልጅ የላትም ብሎ መዝግቧል። ሁለት ሆስፒታሎች ሲጋጩ ሥርዓቱ የኋለኛውን ይወስዳል።»

«ተንፍሳለች ብላችሁ ጽፋችሁ የለም? የተነፈሰ ሰው ነበረ ማለት ነው። አስተካክሉት።»

«እሜቴ፣ አሁን ቢስተካከል ምን ይለውጣል? ልጅቷ እንደሁ...» ብሎ ተወው፣ ዓይኗን አይቶ። ከዚያ ቀዝቀዝ ብሎ «መዝገቦቹ ስለተጋጩ ከቤተሰብ ምስክር ያስፈልጋል። በቦታው የነበረ» አለ።

በቦታው የነበረ። አማቷ የለችም። እህቴ መስታወቱን ደገፍ ብላ ስልኳን አውጥታ ደወለች፤ ለቀናት ያላነጋገረችውን ሰው። «ሆስፒታል ና» አለችው፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም።

በሥራ ልብሱ መጣ፣ ፊቱ ጥላሸት፣ እየሮጠ እንደመጣ ያስታውቃል። ኃላፊው ጥያቄውን አነበበለት። ያ ብረት የሆነ ሰው መስኮቱን በሁለት እጁ ያዘ። ሕዝቡ እየሰማ ነው፣ ያውቃል። «ሴት ነበረች» አለ። «ተንፍሳለች። የቀበርኳት እኔ ነኝ።» ከዚያ ወደ እህቴ ዞሮ «አንቺን ነበር የምትመስለው፤ እዚህ ጋ፣ ግንባሯ» አለና በጥላሸታም ጣቱ የራሱን ግንባር ነካ። እህቴ ያኔ አለቀሰች። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ለቅሶ አልሰማሁም፤ መጠበቂያው ሙሉ ሰው አብሮ አለቀሰ። ባሏ ግን አልሸሸም፤ አጠገቧ ቆመ።

ኃላፊው ጻፈ። «የሉም» የሚለውን አጠፋና «አንድ፣ ሴት፣ በሕይወት የለችም» ብሎ ተካው። ከዚያ እጁን አቁሞ «እንዲያውቁት ያህል» አላት። «አሁን ሲመዘገብ ከኛ ጋር የተገናኙት ሆስፒታሎች ሁሉ ጋ ይሄዳል። በየሄዱበት ይወጣል። ያኛውም የአእምሮ ሆስፒታል ገጽ አብሮ ይታያል። ከፈለጉ ያንን ልዘጋልዎ እችላለሁ።»

«ሁሉም ጋ ይሄዳል?»

«ሁሉም ጋ።»

«እንኳን!» አለች፣ ፊቷን በክንዷ እየጠረገች። «ያንንም አትዝጋው። ልጄ ሞታብኝ ነው የታመምኩት፤ አብረው ይነበቡ። ዝም ብሎ ከጭንቅላቷ ነው የሚል ሐኪም ካለ ከላዩ ልጄን ያገኛታል።»

ኩባንያው ተዋረደ፣ ገበያ አጣ ብላችሁ ደስ ባለኝ፤ ውሸት ነው። ሸጠ። ዛሬ ከተማው ውስጥ ያሉት ሆስፒታሎች ግማሾቹ የሱ ደንበኞች ናቸው። የሚያሳየው ናሙና ታካሚ ግን አሁን ፈጠራ ነው አሉ፤ ጉንፋን የያዘው ጎልማሳ። የታካሚ መስኮቱንም ሐኪሟ ወጥረው ይዘው አስገዙት። እኛ አዳራሹን አላገኘነውም፤ ወደ ሠርግና ወደ ሰፈር ስብሰባ ተመለስን። ትከሻዬን ያመኛል፣ ገመዱ ከብዷል። አጉረመርማለሁ፤ ባላጉረመርም እኔ አልሆንም። እሷና ባሏ አሁን ይነጋገራሉ። ሲነጋገሩ አብዛኛውን የምታወራው እሷ ናት፣ ግን ስለዚያች ልጅ ሲሆን እሱ ነው የሚያወራው፤ ያየው እሱ ነዋ። ጣቶቿን ይነግራታል፣ ፀጉሯን ይነግራታል።

በቀደም ጥርሷን አሟት ከከተማው ሌላ ጫፍ አንድ ክሊኒክ ሄድን፤ ሄደንበት አናውቅም። ወረፋው እስከ በር ነው። ተራችን ሲደርስ እንግዳ መቀበያዋ ላይ ያለችው ወጣት ኮምፒውተሯን ከፈተች፣ አነበበች፣ ፊቷ ተለወጠ። አንገቷን ወደ እህቴ አስግጋ በሹክሹክታ «ልጅ የሚለው ላይ... ይቅርታ፣ እዚህ የተጻፈው...» አለች።

«ምን ያንሾካሹክሻል፣ የኔ እናት?» አለቻት እህቴ፣ ጉንጯ አብጦ። «ምንም አሳፋሪ ነገር የለበትም። ጮክ ብለሽ አንብቢው።»

ወጣቷ እኔን አየች፣ ወረፋውን አየች። ከዚያ ጉሮሮዋን ጠረገችና ጮክ ብላ «አንድ ሴት ልጅ» አለች።